ያልተከፈተው ፖስታ፦ ለቨርጂኒያ አገረ ገዥ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. (ኖቬምበር 1 ቀን 2024)
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ለክቡር አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን
ሪችመንድ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት አስቤበት ነው። እንግሊዝኛ አላጣሁም፤ ላለፉት አሥራ ስምንት ዓመታት የሠራሁትም፣ ግብር የከፈልኩትም፣ ማመልከቻ የጻፍኩትም በእንግሊዝኛ ነው። ይህኛው ግን እጅዎ ሲገባ በመጀመሪያ ማንበብ የማይችሉት ወረቀት እንዲሆን ፈለግሁ። ጽሕፈት ቤትዎ አማርኛ የሚያነብ ሰው መፈለግ ይኖርበታል። ሰውየው እስኪገኝ፣ ተርጉሞ እስኪሰጥዎ፣ እርስዎም ጊዜ አግኝተው እስኪያነቡት ድረስ የሚያልፉትን ቀናት ይቁጠሩልኝ። የምጽፍልዎ ስለ እነዚያ ቀናት ነው።

ኦገስት 7 ቀን የአስፈጻሚ ትእዛዝ ቁጥር 35ን ፈረሙ። ለፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ልክ 90 ቀን ቀርቶት ነበር። በትእዛዙ መሠረት የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ «ዜጋ አይደሉም» የሚላቸው ሰዎች ስም በየዕለቱ ለምርጫ መምሪያው ይተላለፋል፤ ከዚያ ወደ አውራጃውና ወደ ከተማው መዝጋቢ ይወርዳል፤ መዝጋቢውም ለሰውየው ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው ዜጋ መሆንዎን በ14 ቀን ውስጥ አረጋግጠው ይመልሱ ይላል። መልስ ካልመጣ ስሙ ከመራጮች መዝገብ ይሰረዛል። በ1993 የወጣው የፌዴራል የመራጮች ምዝገባ ሕግ ምርጫ 90 ቀን ሲቀረው እንዲህ ያለውን የጅምላ ማጥራት ይከለክላል በማለት የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ግዛቱን ከሰሰ። እዚሁ አሌክሳንድሪያ የተቀመጡት የፌዴራል ዳኛ ባለፈው አርብ ከ1,600 በላይ ሰዎች ስም ወደ መዝገቡ እንዲመለስ አዘዙ። ከትናንት በስቲያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ሳይጽፍ የዳኛዋን ትእዛዝ አገደ። ሦስት ዳኞች አልተስማሙም።

ሕግ አዋቂ አይደለሁም። መንግሥትዎ ክልከላው ዜጋ ያልሆኑትን አይመለከትም፣ የምንሠራበት ሕግም በ2006 በዴሞክራቱ አገረ ገዥ በቲም ኬን የተፈረመ ነው ይላል። የሕጉ ጉዳይ እውነት ነው። ክርክሩንም ፍርድ ቤት ይጨርሰው። እኔ የማውቀውና ማንም ጠበቃ ሲናገርለት ያልሰማሁት ግን ፖስታው ከደረሰ በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው።

ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ በሕንፃው ያለን ሐበሾች ሁሉ እማማ ነው የምንላቸው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፖስታ ሲመጣላቸው አይጥሉም፤ ወረቀት መጣል ያስፈራቸዋል። ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ አላቸው፣ እዚያ ውስጥ ያስቀምጡታል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሳቸው ቡና ሲቆሉ እኔ ቆርቆሮውን ከፍቼ አንድ በአንድ አነባለሁ። የመብራት ሂሳብ፣ የክሊኒክ ቀጠሮ፣ የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ፣ የቀብር ቦታ ሽያጭ። በዚህ ሰሞን ደግሞ የተወዳዳሪዎች ፎቶግራፍ ያለበት ወፍራም አብረቅራቂ ወረቀት በዝቷል። ማስታወቂያው ሁሉ በቀይ «አስቸኳይ» ይላል፤ መኪና ለሌላቸው ሴት የመኪናዎ ዋስትና ሊያበቃ ነው የሚለውም «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ይላል። ስለዚህ ቀይ ጽሑፍ እማማን አያስደነግጣቸውም። የመንግሥት ነው ብለው ለብቻ የሚያነሡት የንስር ምስል ያለበትን ነው። ከአውራጃ የሚመጣ ደብዳቤ ደግሞ ንስር የለውም።

በመስከረም ሁለት እሑድ ተከታትሎ ሥራ ገባሁ። በሦስተኛው ስሄድ ቆርቆሮው ሞልቶ አልገጥም ስላለ ክዳኑ ላይ የስኳር ጣሳ ተጭኖበታል። ከታች የተቀመጠውን ፖስታ አውጥቼ ማኅተሙን አየሁት፤ ከተላከ አሥራ ስምንት ቀን ሆኖታል። የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ነበር። የመሰረዣ ደብዳቤ ቢሆን ኖሮ ግን እኔ በከፈትኩት ሰዓት ጉዳዩ ካለቀ አራት ቀን አልፎታል።

በቆርቆሮው ውስጥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዳልነበረ በግልጽ ልንገርዎ። የእማማ ስም መዝገቡ ላይ አለ። እኔ በግል ከማውቃቸው ሰዎችም ስሙ የተሰረዘ የለም። የምጽፍልዎ ተበደልኩ ብዬ ሳይሆን፣ መዝገቡ ሲሳሳት ስሕተቱ በየትኛው በር እንደሚገባ ስለማውቅ ነው። አንድ ሰው በግሪን ካርድ ሳለ መንጃ ፈቃድ ያወጣል። ፈቃዱ ለዓመታት ስለሚያገለግል ተመልሶ ወደ መስኮቱ አይሄድም። በመሀል ዜግነቱን ይወስዳል፣ ቃለ መሐላ ይፈጽማል፣ ለመራጭነት ይመዘገባል። የመንጃ ፈቃድ መዝገቡ ግን ያለበት ቆሞ ይጠብቀዋል። ሌላው ደግሞ ቅጽ ሲሞላ ወረፋው ረዝሞ፣ ልጁ እያለቀሰበት፣ አንዷን ሳጥን በስሕተት ምልክት ያደርጋል ወይም ባዶዋን ይተዋታል። ከተሰረዙት መካከል ዜጎች እንደነበሩ በፍርድ ቤትም በጋዜጣም ተነግሯል። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰው ስንቱ እንደሆነ ለመከራከር አልመጣሁም፤ አንድ ቢሆንም ያ አንድ ሰው እማማ ሊሆኑ ይችላሉ።

እማማ ዜጋ የሆኑት በአማርኛ ነው። የፌዴራል ሕግ ዕድሜው 55 ለሞላና በቋሚ ነዋሪነት 15 ዓመት ለኖረ ሰው የእንግሊዝኛውን ፈተና ትቶለት ስለ አገሩ ታሪክና መንግሥት የሚጠየቀውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲመልስ ይፈቅዳል። በእሳቸው ጊዜ ከመቶ ጥያቄ እስከ አሥር ይጠየቅ ነበር፣ ስድስት መመለስ ነበረበት። መቶውንም በአማርኛ በድምፄ ቀድቼላቸው ነበር፤ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ልብስ ሲያጥፉ፣ ጠዋት ዳዊት ከደገሙ በኋላ እሱን ያዳምጣሉ። የፈተናው ቀን አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያቸው ገባሁ። ጠያቂዋ ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ከተሰጡ ኃላፊነቶች አንዱን ይንገሩኝ አለቻቸው። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀና ብለው፣ «በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት» አሉ። እኔ ተረጎምኩ፣ ጠያቂዋ ምልክት አደረገች። የአሜሪካ መንግሥት ይህን መልስ በአማርኛ ተቀብሎ ዜግነት ሰጥቷቸዋል። እና አሁን ግዛቱ ያንኑ ዜግነት በማይችሉት ቋንቋ፣ በ14 ቀን ውስጥ፣ በፖስታ አረጋግጡልኝ ቢላቸው ፍርዱ የት ላይ ነው?

ክቡር ሆይ፣ ከምኖርበት ብዙም ሳይርቅ፣ በሪችመንድ ሀይዌይ ዳር፣ ጋም ስፕሪንግስ የሚባል ጥንታዊ የጥቁሮች መንደር አለ። አኒ ሃርፐር የሚባሉ በሰው ቤት ተቀጥረው ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ እናት የዚያ ሰፈር ነዋሪ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በቨርጂኒያ ድምፅ ለመስጠት በዓመት 1.50 ዶላር የምርጫ ግብር መክፈል ግዴታ ነበር፤ ያልከፈለ ሰው ያለበት ውዝፍ እየተደመረ እስከ ሦስት ዓመት ይጠየቃል። እኒህ እናት ግዛቱን ከሰሱ፤ በ1966 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግብሩን ሻረው። የአገሪቱ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያጠናው የሃርፐር ፍርድ የእሳቸው ነው። በመንገዱ ባለፍኩ ቁጥር አስባቸዋለሁ። አንድ ዶላር ተኩል ለብዙ ሰው ምንም አልነበረም፣ ለእሳቸው ግን በር ነበር።

በዚያው ዘመን የነበረው ሌላው መሰናክል «የባዶ ወረቀት ምዝገባ» ይባል ነበር። የ1902ቱ የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት ያመጣው ነው። ለመመዝገብ የመጣው ሰው ቅጽ አይሰጠውም፤ ማንም አይረዳውም፤ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የተወለደበትን ቀንና ቦታ፣ አድራሻውን፣ ሥራውንና ሕጉ የሚጠይቀውን ሌላውንም ሁሉ በቃሉ አስታውሶ በገዛ እጁ መጻፍ አለበት። አንዱን ከዘለለ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወረቀቱ ላይ ስለ ጥቁርና ስለ ነጭ የሚል አንድም ቃል አልነበረም፤ በሁሉም ፊት እኩል ባዶ ነበር። እርስዎን ከእነዚያ ሰዎች ጋር አላመሳስልም፤ ይህን ማለት ኃጢአት ይሆንብኛል። የማስታውስዎ የዚህ ግዛት ሰዎች ወረቀት ምን ማድረግ እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃሉ ብዬ ነው።

በድምፅ አሰጣጥ መብት ሕግ ውስጥ በ1975 የተጨመረ፣ የምርጫ ወረቀት በመራጩ ቋንቋ እንዲቀርብ የሚያዝዝ አንቀጽ አለ። በጎረቤታችን በፌርፋክስ አውራጃ ስፓኒሽና ቬትናምኛ ተናጋሪዎች ይህን መብት አግኝተዋል፤ ደስ ይለኛል። አንቀጹ የሚያውቃቸው ግን ስፓኒሽን፣ የእስያ ቋንቋዎችን፣ የቀደምት አሜሪካውያንንና የአላስካ ተወላጆችን ቋንቋዎች ብቻ ነው። አማርኛ በቁጥር አንሶ የቀረ እንዳይመስልዎ፤ ቁጥራችን እጥፍ ቢሆንም በአፍሪካ ቋንቋ በዚያ በር አይገባም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ዋሽንግተን ዲሲ ቢገቡ ግን ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰነዶቻቸውን በአማርኛ ያዘጋጃሉ። በአንድ ድልድይ ርቀት እማማ ወይ ዜጋ ይሆናሉ ወይ የአንድ እሑድ አንባቢ ጥገኛ ይሆናሉ።

ዜጋ ያልሆነ ሰው ድምፅ መስጠት የለበትም። በዚህ ከእርስዎ ጋር አንድ ነኝ። ያቺን ቀን ለማየት ዓመታት የጠበቅን ሰዎች፣ መብቱ እንዲረክስ የምንፈልግበት አንዳች ምክንያት የለንም። በ2021 እርስዎ ሲወዳደሩም ብዙ ወገኖቼ፣ በጊዜው በነበረው የዋሽንግተን የኢትዮጵያ ፖሊሲ ተከፍተው፣ በአደባባይ ወጥተው ደግፈውዎታል፤ ከዚያ በፊት ለዴሞክራቶች እንጂ ለሌላ ድምፅ ሰጥተው የማያውቁም ነበሩባቸው። ልዩነቱ ሁለት በመቶ ገደማ በነበረበት በዚያ ምርጫ የእያንዳንዱ ድምፅ ክብደት ምን ያህል እንደነበር እርስዎ ያውቁታል። እኔ ለማን እንደሰጠሁ አልነግርዎም፤ ለዚህ ደብዳቤም አይጠቅምም። ግን እነዚያን ሰዎች ዛሬ ፖስታ ሳጥናቸው ፊት ቆመው ሲፈሩ ማየት አልወድም።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ልንገርዎ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ ድምፅ ሰጥቻለሁ። ሰልፉ መንደሩን ዞሮ ተመልሶ ነበር፤ ሰው እርስ በርሱ ውኃ ይሰጣጣል፣ አሮጊቶችን ከፊት ያስቀድማል። እንደዚያ ያለ ቀን ከዚያ በኋላ አላየሁም። በዚያው ዓመት ሰኔና በሚቀጥለው ጥቅምት መንገድ ላይ የወደቁትን፣ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰላማዊ ሰዎች ብሎ የቆጠራቸውን፣ ያስታወሰ ሰው ምርጫ ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው ድምፅ ስለመስጠቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ሰልፈኞች የአገሪቱን ምክር ቤት ሕንፃ ካፒቶልን ጥሰው በገቡ ጊዜ እዚህ አሌክሳንድሪያም አርሊንግተንም ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሰዓት እላፊ ታወጀ። የሌሊት ፈረቃ የምንሠራ ሰዎች የመሥሪያ ቤት ወረቀት ይዘን፣ እጃችንን መሪው ላይ አድርገን ነበር የነዳነው። እማማ በዚያ ሌሊት ደውለው፣ «እዚህም?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁላቸውም።

ይህ ዓመት ደግሞ ይብሳል። ለፕሬዚዳንትነት በሚወዳደሩ ሰው ላይ በጁላይ በበትለር ከተማ ተተኮሰ፤ ጆሯቸው ቆሰለ፣ አንድ አባወራ ተመልካች ሞተ። በሴፕቴምበር ክርክር በስፕሪንግፊልድ ኦሃዮ የሚኖሩ የሄይቲ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ የሚል መሠረት የሌለው ወሬ በአገር ፊት ተነገረ፤ ከዚያ በኋላ በዚያች ከተማ ትምህርት ቤቶች በቦምብ ማስፈራሪያ ተዘጉ። የሄይቲ ሰውና የእኛ ሰው በመንገድ ላይ ለሚያየው አንድ ነው። እንዲህ ባለ ሰሞን «ዜጋ መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው ፈርሞ ከመመለስ ይልቅ ነገር ከሚመጣብኝ ይቅርብኝ ብሎ ዝም ቢል አይፈረድበትም። ዝምታውን ግን መዝገቡ ዜጋ አለመሆን አድርጎ ያነብበዋል።

የምለምንዎ ከባድ አይደለም። መንግሥትዎ በፍርድ ቤት የተከራከረበት አንድ ነገር አለ፦ በስሕተት የተሰረዘ ካለ በምርጫው ዕለትም ተመዝግቦ ድምፅ መስጠት ይችላል የሚል። እንግዲያውስ ቃሉ በየምርጫ ጣቢያው ይድረስ። ስሙን መዝገቡ ላይ ያላገኘ ሰው «የለህም፣ ሂድ» እንዳይባል፣ በዕለቱ ተመዝግቦ በጊዜያዊ ድምፅ መስጫ ወረቀት ድምፅ የመስጠት መብት እንዳለው ራሱ ባይጠይቅም እንዲነገረው ከማክሰኞ በፊት ያዝዙ። ይህን የሚገልጽ አንድ ገጽ በአማርኛም ይውጣ፤ ተርጓሚ ከጠፋ እኔ ዛሬ ማታ በነፃ እተረጉመዋለሁ። ከምርጫው በኋላ ደግሞ ያ ደብዳቤ በፖስታው ጀርባ ላይ ሰውየው በሚያነብበው ቋንቋ አንድ መስመር ብቻ ይጨመርበት፦ «ይህ ስለ ድምፅዎ ነው፣ ዛሬ ይክፈቱት» የሚል። እና ቀኑ ከ14 ይርዘም። የተሰረዘው ሰውም ስሙ እንደተሰረዘ ሌላ ያልተነበበ ወረቀት ሳይሆን ስልክ ይደወልለት።

ምን ዓይነት ሰው ድምፅ እንደሚሰጥ አንድ ጊዜ ይመልከቱልኝ። ባለፈው ሳምንት እማማን ይዤ ቅድመ ምርጫ ሄድን። ማንበብ የማይችል መራጭ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ በቀር የመረጠውን ሰው ረዳት ይዞ መግባት እንደሚችል የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል። አስተናጋጁ ቅጹን አቀረቡልን፣ ሁለታችንም ፈረምን፣ ሽማግሌው ለእማማ ወንበር ሳቡላቸው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። እንደገና አሉኝ፣ እንደገና አነበብኩ። ከዚያ ብዕሩን ከእጄ ወስደው የመረጡትን ክብ ራሳቸው አጠቆሩት፤ ቀለሙ ከመስመር እንዳይወጣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ ጥጥ እንደሚፈትል ሰው። ወረቀቱን ወደ ማሽኑ ሲያስገቡ መሣሪያው ሳብ አደረገው። እጃቸውን አላነሱም። «ገባ?» አሉኝ። «ገባ፣ እማማ» አልኳቸው። «ተቆጠረ?» አሉ።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ወገኖቼም እንዲያነቡት ስለሆነ ወደ እናንተ ልመለስ። ዜግነት ያልወሰዳችሁ አትመዝገቡ፣ ማንም ቢገፋፋችሁ ድምፅ አትስጡ፤ ወንጀል ነው፣ ከአገርም ያስባርራል። ዜግነት የወሰዳችሁ ግን ስማችሁን ዛሬውኑ በግዛቱ የምርጫ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ካጣችሁት አትደንግጡ፣ ቤትም አትቀመጡ፤ ፓስፖርታችሁን ወይም የዜግነት ምስክር ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱና ዛሬ ልመዝገብ፣ በጊዜያዊ ወረቀት ልምረጥ በሉ። ቅድመ ምርጫው ነገ ቅዳሜ ያበቃል። ማክሰኞ ጣቢያዎቹ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ናቸው፤ 1 ሰዓት ሲሆን ሰልፍ ላይ ያለ ሰው አይመለስም። ለማን እንደምትሰጡ በየመሸታውና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የተጣላችሁ ሰዎች፣ ጠባችሁን ለረቡዕ አቆዩልኝ። በ2020 ምርጫው ማክሰኞ ተካሂዶ አሸናፊው የታወቀው ቅዳሜ ነው፤ ዘንድሮም ቆጠራው ቢዘገይ ወሬ አታራቡ። ልጆቻችሁ እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ወደ ጎረቤት አሮጊት ቤት ላኳቸውና ፖስታ ይክፈቱ።

ክቡር ሆይ፣ ዛሬ አርብ ነው። ከሥራ የምወጣው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ እሑድን አልጠብቅም። መጀመሪያ የእማማን ቆርቆሮ እከፍታለሁ፣ ከዚያ በሕንፃው ያሉትን የሐበሻ ቤቶች በር አንድ በአንድ አንኳኳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ዜግነቱን በቨርጂኒያ የወሰደ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ